ቀድሞ የደረሰው ማሽላዬና የአገሩ ወፍ

ይድረስ ለተከበሩ የዘር ማሻሻያ ጣቢያ ኃላፊ፣
ባሉበት።

ጤናዎ እንደ ሐምሌ ቡቃያ ለምልሞ ይቆይልኝ እያልሁ፣ እኔና ባለቤቴ ፍቅርአዲስ እዚህ ሰቆጣ ዙሪያ፣ አምላክ ይመስገን፣ ደኅና ነን። ወፎቹም እጅግ ደኅና ናቸው።

አምና ባለሙያዎችዎ ድርቅ የሚችለውን ማሽላ ቶሎ ከሚደርሰው ጋር አዳቅለው ያወጡትን አዲስ ዘር፣ ከመንደሩ ሁሉ መርጠው ለእኔ ብቻ ስለሰጡኝ ከልብ እያመሰገንሁ፣ ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ዘሩ ቃሉን ጠብቋል። ቶሎ ይደርሳል ብላችሁ ነበር፤ ደረሰ። የጎረቤቶቼ ማሽላ ገና በቅጡ ሳያብብ የእኔ ነጭ ፍሬውን ቋጥሮ ከሩቅ ታየ። በአካባቢው ሌላ እሸት ስላልነበረም የአገሩ ወፍ ተጠራርቶ እኔ ማሳ ላይ ሰፈረ።

፪ኛ፦ ለዚህ ሁሉ እንግዳ አስተናጋጅ አልመደባችሁልኝም። እኔና ፍቅርአዲስ ማማ ላይ እየተፈራረቅን ወንጭፍ ስንወረውርና ስንጮህ ድምፃችን ተዘግቶ በእጅ ምልክት እስከ መነጋገር ደረስን። ያንኑ ዘር ለምኖ «ለጊዜው ለአንድ ሰው ብቻ ነው» የተባለው ጎረቤቴ ይሄይስ በማሳው ዳር ሲያልፍ፣ «አስማረ፣ የዘራኸው ማሽላ ነው ወይስ ወፍ?» ይለኛል። እንዳልመልስለት ድምፅ የለኝም።

፫ኛ፦ መስከረም ያለ ጠብታ አለፈ። የይሄይስ ማሽላ አበባው ላይ እንዳለ ቆሞ ደረቀ፤ ቀልዱንም ተወ። ልጁ ትግስት «ዐረብ አገር ሄጄ ልርዳችሁ» ብላ ጓዟን ጠቀለለች። ይህን የሰማች ዕለት ፍቅርአዲስ ከወፍ የተረፈውን እህል እያየች፣ «ወፍ የበላውን ያህል ለሰው ብንሰጥ ምን ይጎድልብናል?» አለችኝ። እህሉን በስልቻ ሞልታ ተሸክማ ወደ ይሄይስ ቤት ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤት የበላው ከዚያችው ማሳ ነው። ትግስትም እስካሁን አልሄደችም፤ ጓዟን ግን አልፈታችም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ የእኔ አቤቱታ በዘሩ ላይ አይደለም፤ ዘሩስ ይባረክ። ለዘር ያተረፍናት ለአንድ ማሳ እንኳ አትበቃምና፣ ዘንድሮ ለይሄይስም ለሌሎቹም ሐምሌ ሳይገባ ይድረስልን። ሁላችን አንድ ጊዜ ከዘራን ወፉን ተካፍለን እንችለዋለን፤ ረኃቡን ግን ተካፍለንም አልቻልነውም።

በወፍ ጥበቃ ልምድ ያካበትሁ፣ ድምፄ ገና በቅጡ ያልተከፈተልኝ፣ ታዛዥዎ
አስማረ ደጅይጥኑ

ማስታወሻ፦ ማሳዬ ዳር «የሠርቶ ማሳያ ማሳ» ብላችሁ ያቆማችሁት ትልቅ የብረት ሰሌዳ በእውነት ጠቅሟል፤ ወፎቹ ከመውረዳቸው በፊት የሚያርፉት እሱ ላይ ነው። ዘንድሮ በመኪናችሁ ላይ ቦታ ከጠበበ፣ ሰሌዳውን ትታችሁ ዘሩን ጫኑልን።