ሙጫ ያልነካው ሰሌዳ

መጋቢት 3

ዛሬ ሦስቱንም ሰሌዳዎች ወደ ሥራ ክፍሉ አስገባን። እኔና ሽቦ። ትክክለኛ ስሟ ሌላ ነው፤ ቀጭን ስለሆነችና ከሽቦ በቀር በምንም ስለማትሠራ ክፍሉ በሙሉ እንዲህ ይላታል። ለምዳዋለች። አንደኛው ሰሌዳ በሩ ላይ አልገባ አለ። ብናጋድመው እምቢ፣ ብናቆመው እምቢ። መጨረሻ ላይ በሩን ነቀልነው። ጥበቃው ቆሞ ሲያየን ቆየና፣ "ሥዕል ነው ቤት ነው የምትሠሩት?" አለ።

ሦስቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግድግዳውን ሞሉት። ከእኔ ቁመት በላይ። የመመረቂያ ሥራዬ ሲያልቅ... እማ ከጀርባ ስትታይ፣ ስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ። ጀርባዋ ከሱቋ ወለል ከሰበሰብኩት ቁርጥራጭ ጨርቅ። ፀጉሯ ከክርና ከሽቦ። መኪናው ከዛገ ቆርቆሮ። ወለሉ ከቁልፍና ከተበጠሰ ዚፕ። በሁሉም ላይ ሙጫ ይፈስበታል፣ ያ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ ሲደርቅ እንደ መስታወት የሚጠራው።

መምህራችንን ስለ ጓንት ጠየቅኋቸው። "ጓንት ያደረገ እጅ ዕውር ነው" አሉ። ሳቅን።

የመጀመሪያውን ሰሌዳ በባዶ እጄ አለበስኩት። ጨርቁ ውኃ ውስጥ የተኛ መሰለ። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

መጋቢት 9

ጣቶቼ መሃል ያሳክከኛል። እማ "ሳሙናው ነው፣ ቀይሪው" አለች። ቀየርኩት።

መጋቢት 14

ጠዋት ዓይኔ አልገለጥ አለኝ። መስታወት ፊት ስቆም የሌላ ሰው ፊት። አበጥ ብሎ፣ ቀላ ብሎ...

እማ በሩ ላይ ቆማ፣ "ምን ነካሽ?"

"ትንኝ መሰለኝ።"

"ሁለቱንም ዓይን መርጣ?"

ፊቴን ወደ መስታወቱ መለስኩ። ሱቋን ለመክፈት ቸኩላ ነበር፣ አለፈችኝ።

ለምን ዋሸሁ? እውነቱን ብነግራት እዚያ ክፍል እግሬ ዳግም እንደማይረግጥ አውቃለሁ። ሁለተኛው ሰሌዳ ግማሽ ላይ ነው። ግን ሙጫው ከሆነስ? ሁሉም እኮ ይነካዋል። ሽቦም ትነካዋለች፣ ምንም አልሆነች። በእኔ ብቻ ምን ቆርጦት ይመጣል?

መጋቢት 15

አልሄድኩም። እጄን ከብርድ ልብሱ ውጭ አውጥቼ ሳየው ዋልኩ። የእኔ አይመስልም።

መጋቢት 21

 ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት ሲዞርብኝ ይውላል።

ሁለተኛውን ሰሌዳ ሙጫ አልብሼ ጨርሼ፣ የቀረኝ ማለሳለስ ብቻ ነበር። ማዕዘኑ ላይ ሙጫውን እያለሳለስኩ ደረቴ ጠበብ አለኝ። መጀመሪያ ድካም መሰለኝ። ቀና ብዬ ልተንፍስ ስል... አየሩ የለም። ይገባል፣ ግን የሚያልፍበት የለም። ከጉሮሮዬ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ወጣ። ሽቦ ዞር ብላ "ምን እየሠራሽ ነው?" አለች፣ የምቀልድ መስሏት። መልስ ልስጣት ብል ቃል የለኝም። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ከራሴ ትንፋሽ ይልቅ ያስፈራኝ የሷ ፊት ነው።

ጎትታ አወጣችኝ። ያ ሚጢጢ ሰውነቷ ያን ጉልበት ከየት አመጣው? ደረጃው ላይ አስቀመጠችኝ። ሰማዩን አይ ነበር፣ አየር ሞልቶ ተርፎ... ለእኔ ግን ጠብታ የለም። እዚህ ደረጃ ላይ ልሞት ነው ብዬ አሰብኩ። ሌላ ምንም አላሰብኩም። እማንም አላሰብኩም። ይኼ አሁን ያሳፍረኛል።

ከዚያ ትንፋሼ ቀስ በቀስ መጣ። በመርፌ ቀዳዳ የሚያልፍ ያህል። ሽቦ ጀርባዬን ይዛ ታለቅስ ነበር።

መጋቢት 22

ሽቦ በግድ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሟ ጣቶቼን አንድ በአንድ ገለበጠች።

"ምንድን ነው የምትነኪው?"

ነገርኳት።

"ሰውነትሽ ሙጫውን ጠላቴ ብሎ ይዞታል። አይረሳም።"

"ትንሽ ብቻ ብነካስ?"

"ለሱ ትንሽና ትልቅ የለውም። በነካሽው ቁጥር ይብስበታል።"

"በጓንትስ?"

"ጓንቱ ቆዳሽን ይሸፍንልሻል። ሳንባሽንስ? ሙጫው የሚቀላቀልበት ክፍል ከነጭራሹ አትግቢ።"

የደረቀውንስ ብዬ ጠየቅሁ። ደርቆ ካበቃ ግድ የለም፣ አትፈግፍጊው፣ አትቁረጪው አለች። በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጠችኝ። ኪሴ ውስጥ ነው። በየደቂቃው እዳስሰዋለሁ፣ አለ? አለ።

መጋቢት 24

መምህራችንን በር ላይ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰዓታቸውን እያዩ ሰሙኝ።

"ሐኪም የማይከለክለው ምን አለ?" አሉ። "ሁለቱ አብርተው አንዱ ባዶውን ከቆመ ሥራ አይባልም። ወይ ጨርሺው ወይ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ። ምርጫው ያንቺ ነው።"

ያንቺ ነው... እንዴት ቀላል ቃል ነው።

መጋቢት 29

ሞኝነት ሠራሁ። ለራሴም ቢሆን መጻፉ ይከብዳል።

ሽቦ የመኪና ቀለም የሚቀባ አጎት አላት። የአፍንጫ መሸፈኛውን እንድትለምንልኝ አደረግኋት፣ ለምን እንደሆነ ሳልነግራት። ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ ገባሁ። ጓንት ላይ ጓንት። መስኮቱን በሙሉ ከፈትኩ። የሙጫውን ቆርቆሮ ፊቴ አስቀመጥኩት።

ክዳኑን ሳልነካው ጉሮሮዬ ተዘጋ።

ክዳኑ እንደታሸገ ነው። ምንም ሽታ የለም። ላብ አጠመቀኝ። መድኃኒቱን ሳብኩ። በሽታው ነው ወይስ ፍርሃቱ? መለየት አቃተኝ። መለየት ካቃተኝ ከአሁን በኋላ ሰውነቴን በምን ላምነው ነው? ቆርቆሮው እዚያ ቁጭ ብሎ የሚያየኝ መሰለኝ። በቆርቆሮ ፊት እንደ ሕፃን ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሽቦ እንደዚያ ሆኜ አገኘችኝ። መሸፈኛውን ከፊቴ ላይ አነሣችው።  ቆርቆሮውን ይዛ ወጣች።

ሚያዝያ 1

ሽቦ ለእማ ነገረቻት። ሱቅ ድረስ ሄዳ። ምነው ብላት፣ "ተቀየሚኝ፣ ግድ የለኝም" አለች።

እማ ማታ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ሳህን ታጥባ፣ ጠረጴዛ ጠርጋ፣ የተጠረገውን ደግማ ጠረገች።

ከዚያ፣ "ነገ ያን ነገር አሳዪኝ።"

ሚያዝያ 2

እማ ሥራ ክፍሉን አይታ አታውቅም። ዛሬ ሙጫ የሚቀላቅል የለም፣ ሽቦ ቀድማ ገብታ አረጋግጣልናለች። እኔ ግን በሩ ላይ ቀረሁ፣ መድኃኒቱን ጨብጬ።

እማ ከሰሌዳዎቹ ፊት ቆመች።

"ይቺ እኔ ነኝ?"

"አዎ።"

"ጀርባዬ እንዲህ ጎብጧል?"

"ትንሽ አጋንኜዋለሁ።"

"ውሸታም" አለች። የደንበኞቿን ጨርቆች አወቀቻቸው። ይኼ የመምህርቷ ካፖርት፣ ይኼ ያቺ ሠርጓ የቀረባት ልጅ ቀሚስ... ደረቁ ሙጫ ላይ ጣቷን ልታሳርፍ ስትል ዘልዬ ገብቼ እጇን ያዝኩት። ምንም እንደማያደርጋት ሐኪሟ ነግራኛለች። አውቃለሁ። ያዝኩት።

ያኔ ነው የገባት መሰለኝ። ምን ያህል እንደፈራሁ። ደረጃው ላይ አብረን ተቀመጥን።

"ፈሪ ሆኜ ቀረሁ እማ።"

"ፈሪ ለእናቱ ይሉ የለ? ፍሪልኝ።"

ከዚያ ቀጥላ፣ "ተይውና ቤት ግቢ። ዓመትም ይለፍ፣ ሁለት ዓመትም ይለፍ" አለች።

ሚያዝያ 5

ሌሊቱን ሳስብበት አደርኩ። ሦስተኛው ሰሌዳ ሙጫ አልነካውም። እንጨት ብቻ ነው፣ ጨርቆቹም ገና ክምር ላይ ናቸው። ሙጫ ካልያዛቸው በክር ቢያዙስ? መስታወት የለው፣ ብርሃን የለው። ጨርቁ እንዳለ፣ አቧራ እንደሚጠጣ፣ እንደሚሸበሸብ...

ለእማ ስነግራት መቀሱን አስቀመጠች። "አልረዳሽም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው አንቺ ነሽ።"

እሺ አልኩ። ስፌት ተምሬ አላውቅም። ሁልጊዜ እሸሸው ነበር።

ሚያዝያ 8

ሰሌዳውን ወደ ግቢው ዛፍ ሥር አወጣነው። ሽቦ ቀዳዳ ትበሳለች፣ እኔ በወስፌ ክሩን አሳልፋለሁ። አየር ላይ ነኝ። ከሙጫ ሩቅ ነኝ። እንዲያም ሆኖ ነፋስ ከሥራ ክፍሉ በኩል ሲመጣ እጄ ይቆማል። ትንፋሼን አዳምጣለሁ። አለ። እቀጥላለሁ።

ሚያዝያ 17

ነፋስ መጣ። አንዱ ተማሪ መስኮት ከፍቶ ሙጫ እየቀላቀለ ኖሯል። ሽታው ሲደርሰኝ ወስፌውን ጥዬ እስከ መንገዱ ሮጥኩ። ጫማዬ አንዱ ቀርቷል። መንገደኛ ሁሉ ያየኛል። ደረቴ ጠበበ፣ መድኃኒቱን ሳብኩ፣ ለቀቀኝ።

ተመለስኩ ግን። ሰሌዳውን ከግቢው ጀርባ አዞርነው።

ሚያዝያ 23

እማ ሱቋን ዘግታ መጣች። ስፌቴን ቀረብ ብላ አየችው።

"ይህን ደንበኛ ቢያየው ሱቄን ጥዬ በጠፋሁ።"

"ልፍታው?"

"ተይው" አለች። "ጎበጥ ብሏል፣ ያንቺ ጀርባ ነው የሚመስለው።" አልረዳችኝም፣ እንዳለችው። ግን እስክጨርስ ከጎኔ ተቀምጣ ዋለች።

ግንቦት 6

ዛሬ ሥራዬ ለፈተና ቀረበ። ሁለቱ ሰሌዳዎች ያበራሉ። ሦስተኛው እንደ ለበስነው ልብስ ደብዝዞ ቆሟል፣ ክሩ በየቦታው ተንጠልጥሎ። በሩ አጠገብ ልቁም ብዬ አስፈቀድኩ።

ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣችው ፈታኝ ጠየቀች። "እዚህ ጋ ሥራው ለምን ተለወጠ?"

ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ። ስለ ጊዜ፣ ስለ ትዝታ፣ ትልልቅ ቃላት... አንዱም አልመጣልኝም።

"ሙጫው ሊገድለኝ ነበር። ፈራሁና አቆምኩ።"

መምህራችን መሬት መሬት ያያሉ። ፈታኟ ወደ ሰሌዳው ተጠጋች፣ ጣቷን ክሩ ላይ አስኬደችው። ከዚያ ወረቀቷ ላይ ጻፈች።

አልፌያለሁ። ውጤቱ መካከለኛ ነው። እማ "መካከለኛ ማለት በሕይወት ያለ ማለት ነው" ብላ ጎረቤት ሁሉ ነገረች።

ግንቦት 19

መምህራችን ዛሬ ጠሩኝ። ቢሮ ስገባ በሩን ዘጉ። ስለ ሥራዬ ሊነግሩኝ መስሎኝ ነበር። የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰበሰቡ። ክንዳቸው ቀይ፣ የተሰነጣጠቀ፣ አንዳንዱ ቦታ ደም የቋጠረ።

"ስንት ዓመቱ ነው?" አልኳቸው።

"እንጃ። ቤት ውስጥም አላሳይም።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ያቺ ሐኪም... የት ነው ያለችው?"

ልናደድባቸው ይገባኝ ነበር። በዚያ ክፍል ያለፉ ተማሪዎች ሁሉ ትዝ አሉኝ፣ ከነባዶ እጃቸው። ተናድጃለሁም። ግን ያን ፊት አውቀዋለሁ።

አብሬያቸው ሄድኩ። መጠበቂያው ወንበር ላይ እንደ ተማሪ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

"ሥራህን ተው ብትለኝስ?"

"ልትልዎት ትችላለች።"

"አንቺ አሁንም ትፈሪያለሽ?"

"በየቀኑ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። የእጅጌያቸውን ቁልፍ ሊፈቱ ሞከሩ፣ ጣታቸው አልታዘዝ አላቸው። ፈታሁላቸው። ነገ ለሁሉም ተማሪ ጓንትና መሸፈኛ ይገባል፣ ያለዚያ እኔ ራሴ በየክፍሉ እየገባሁ እናገራለሁ አልኳቸው። "ግቢና ተናገሪ፣ እኔም ከጎንሽ እቆማለሁ" አሉ።

ስማቸው ተጠራ። አልተነሡም።

እኔ ቀድሜ ተነሣሁ።