ዳኛው ከሰው ቤት ውሃ አይቀምሱም

ኅዳር 9 ቀን፣ ሰኞ ጠዋት

ለእኔዋ «ይግባኝ»፣

አባትሽ ያወጣልሽን ስም ስለጠራሁ ቅር አይበልሽ። በእሱ ውሳኔ ላይ ይግባኝ የሚል ከአገሩ ሁሉ አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ አሁን ስሙን የሚጠራልሽ ሰው ሲጠፋ ጊዜ ናፈቀኝ።

እንዴት ሰነበትሽ? ብርዱ እንዴት አድርጎሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ሌላው አካሌ ታዛዥ ነው። በስልክ ስንገናኝ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» ተባብለን እንዘጋዋለን። የዛሬው ወሬዬ ረዘም ስለሚል ወረቀት አወጣሁ፤ በወረቀት ደግሞ አታቋርጪኝም።

ባለፈው ቅዳሜ የአባትሽና የቄሱ መታሰቢያ ተደረገ። ቄሱ ከአባትሽ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ማረፋቸውን ነግሬሽ ነበር። ፍርድ ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ ተመካክረው ለሁለቱም አንድ ቀን አደረጉላቸው። ደግ አደረጉ፤ በሕይወት እያሉም ቅዳሜን የሚያሳልፉት አብረው ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥግ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ፔርሙስ ይዘው ታስታውሻቸዋለሽ። አባትሽ ከሰው እጅ ሻይ አይጠጣማ! ቄሱ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁበት ነበር። አንድ ቀን «አንተ ሰውዬ፣ ገነት ደጃፍ ላይ ጴጥሮስ ውሃ ቢሰጥህም ከቤቴ ጠጥቼ መጥቻለሁ ልትለው ነው?» ቢሉት፣ አባትሽ ፈገግ እንኳ ሳይል «ጉዳዬን የሚያየው እሱ ከሆነ፣ አዎ» አላቸው።

ሕጉን አንቺም ታውቂዋለሽ። «ዛሬ ያበላኝ ሰው ነገ ከፊቴ ቢቆምስ?» ይል ነበር። ስለዚህ ሰርግ አንሄድም፤ ልደት አንሄድም፤ ለቅሶ ብንሄድ ቆመን አጽናንተን እንመለሳለን። በዝናብ መኪና አቁመው ቢለምኑት በእግሩ ይመጣል፤ ከጫማው ውሃ የምደፋው እኔ ነኝ። ተሳስቶ ነበር አልልም። ያ ጨርቅ ነጋዴ ለእኔ የቀሚስ ጨርቅ ልኮ፣ አባትሽ በዚያው ቀን የመለሰበት ጊዜ ስንት ቀን እንዳኮረፍኩት! ወር ሳይሞላ ሰውዬው ከእኅቱ ጋር በውርስ ተካሶ እፊቱ ቆመ። እኅትየዋ ረታች። ያንን ቀሚስ ለብሼው ቢሆን ኖሮ ያቺን ሴት መንገድ ላይ በምን ዓይኔ አያት ነበር? አባትሽ ልክ ነበር። የልክ ሰው ሚስት ግን ብቻዋን ነው የምትቀመጠው።

ሰዉ ያከብረኛል። ስገባ ይነሣልኛል፣ ወረፋ ይለቅልኛል፣ ገበያ ላይ ሻጩ ሳይከራከረኝ ይመዝንልኛል። በሬን የሚያንኳኳ ግን የለም። ዕድሜ ልኩን «አይሆንም» የተባለ ሰው ዛሬ ምን ቆርጦት ይመጣል? ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ የምከፍተው ለዜናው እንዳይመስልሽ።

ከመታሰቢያው በፊት በነበረው ሳምንት ግን በሩ ተንኳኳ። የቄሱ ባለቤት ናቸው። በፎጣ የተጠቀለለ ድስት አቅፈዋል፤ የምስር ሾርባ መሆኑን ሽታው ነገረኝ። «ለብቻዬ መጥኜ መሥራት አቃተኝ። እርስዎም ብቻዎን ነዎት ብዬ ነው» አሉኝ። እኔስ ምን ያልኩ ይመስልሻል? አፌ እኔን ሳያማክረኝ «እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ ዳኛው ከሰው አይቀበሉም» አለ። ዳኛው! መቃብሩ ላይ ሣር የበቀለበት ዳኛ! ሴትዮዋም «ልክ ነዎት፣ ይቅርታ» ብለው ድስታቸውን እንዳቀፉ ደረጃውን ወረዱ።

በሩን ዘግቼ እዚያው ቆምኩ። በማግስቱ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ ኮቴን ለብሼ እስከ ውጭው በር ደረስኩና ተመለስኩ። በሌላውም ቀን እንደዚያው። አትሳቂብኝ፣ የሰው በር አንኳኩቼ ስለማላውቅ ከምን እንደሚጀመር ጠፋኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዲት ሰው ብትመጣልኝ እሷንም መለስኳት እያልኩ ተቃጠልኩ። እሳቸውም ሌላ ጊዜ እንደማይመጡ አውቄዋለሁ፤ እኔ ብሆን አልመጣም።

መታሰቢያው ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ሰቅለዋቸዋል፤ አባትሽ የተቀየመ ይመስላል፣ ቄሱ ሊስቁ ሲሉ የተነሡ ናቸው። እኔንና የቄሱን ባለቤት ከፊት ለብቻችን አስቀመጡን። ከኋላችን ያለውን ረድፍ ለክብራችን ብለው ባዶ ተዉት። ሰላምታችን በአንገት ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የተናገረው ያ ጠበቃ ነው፣ አባትሽ ፊት ቆሞ አንድም ቀን ያልረታው። «ዳኛችን በዚህ ከተማ ከማንም ቤት ውሃ አልቀመሱም!» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ቀጥሎ አንድ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ተነሥተው «ቄሳችን የሁላችንን ኃጢአት ሰምተው፣ ለሚስታቸው እንኳ ትንፍሽ ሳይሉ ዐረፉ» አሉ። ለዚህም ተጨበጨበ። ጎኔ ያሉት ሴትዮ ቦርሳቸውን ጭምድድ አድርገው ሲይዙ አየሁ።

ከዚያ እኔን ጠሩኝ። የምስጋና ቃል አጥንቼ ሄጄ ነበር፤ ማይክራፎኑ ሲያፏጭ ሁሉም ብን ብሎ ጠፋብኝ። የወጣልኝ ይኼ ነው፤ «ባለቤቴ ከማንም ቤት ውሃ አልቀመሰም። እኔም አልቀመስኩም። ልጄም አልቀመሰችም። ቤታችን ሰው አይመጣም ነበር፤ አሁንም አይመጣም።» ከዚህ በላይ ምን ብዬ ልንገራቸው? እነሱ ግን ምን አደረጉ መሰለሽ? አጨበጨቡልኝ! ከወንበራቸው ተነሥተው አጨበጨቡልኝ። እንባዬንም የኩራት ነው ብለው ሳይሆን አይቀርም። እጃቸውን ያላነሡት የቄሱ ባለቤት ብቻ ነበሩ።

ሲያልቅ ሰዉ ጎንበስ እያለ ተሰናብቶን ወጣ። ማንም «ወዴት ትሄዳላችሁ?» አላለንም። ወንበሮቹን መደራረብ ሲጀምሩ ሁለታችን ገና እንደተቀመጥን ነበርን። እንደምንም ብዬ አፌን ከፈትኩ።

«ያን ዕለት የመለስኩዎት ጠልቼ አይደለም። ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«እኔማ ሌላ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። «ሴቶቹ ስመጣ ወሬ ያቆማሉ። ቄሱ የእኛን ጉድ ሳይነግራት አይቀርም ይላሉ። እርስዎም ፈርተውኝ ነው ብዬ።»

«እኔ? ምን ሠርቻለሁ ብለው ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! እሱ እኮ በእንቅልፉ እንኳ አያወራም ነበር!»

ሳቅ አፈነን። ወንበር የሚደራርቡት ዘወር ብለው አዩን፤ በሁለት ሟቾች ፎቶ ፊት የሚስቁ ሁለት አሮጊቶች! ዓይናቸውን ጠርገው ሲያበቁ «በይ ተነሺ፣ ቤት እንሂድ» አሉኝ። አንቺ አሉኝ፣ ልጄ። እኅቴ ከሞተች ወዲህ ካንቺ በቀር አንቺ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ከዚህ በኋላ እኔም አንቺ ልበላት። ቤቷ ከእኛ ሦስተኛው ነው። ይኼን ሁሉ ዘመን ከመጋረጃው በቀር የማውቀው የለኝም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ተራውን እንደሚጠብቅ ምስክር። ሻይ ቀዳችልኝ። ስኒውን ሳነሣ አባትሽ ከኋላዬ የቆመ ይመስል ግራ ቀኝ አየሁ። ስኳር አብዝታበታለች፤ ሁለት ጠጣሁ።

እዚያ ተቀምጬ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ባለፈው ጎረቤትሽ እራት ብትጠራሽ «ሥራ አለብኝ» ብለሽ ቀርተሽ፣ ብቻሽን ቴሌቪዥን ስታዪ እንዳመሸሽ ነግረሽኛል። ለማሳቅ ብለሽ ነው የነገርሽኝ፤ እኔን ግን አላሳቀኝም። ይኼ ከእኛ ቤት ይዘሽው የሄድሽው ነው። አባትሽ እንቢ ያለበት ምክንያት ነበረው። አንቺ ዳኛ አይደለሽም፣ የጥርስ ሐኪም ነሽ። የጥርስ ሐኪም ጎረቤቷ ቤት በላች ተብሎ ፍርድ ይጓደላል? ሌላ ቀን ከጠራችሽ ሂጂ። ምን ይዤ ልሂድ ብለሽ አትጨነቂ፤ እኔ ባዶ እጄን ሄጄ አላባረሩኝም።

ሻዩን ስንጨርስ «ልጅሽስ እንዴት ናት?» አለችኝ። ሰው ሁሉ «የዳኛው ልጅ ተምራ ትልቅ ቦታ ደረሰች» ይለኛል፤ እንዴት ናት ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። አፌ ተፈታ። ልጅ ሳለሽ በር ወርውረሽ ስትዘጊ መስታወቱ እንደሚንቀጠቀጥ፣ የታመመች ድመት ደብቀሽ እንዳስገባሽ፣ የመጀመሪያ ደሞዝሽን እንደላክሽልኝ፣ ሁሉን ነገርኳት። ለቀብሩ ለምን እንዳልመጣሽ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አላነሣሁትም።

«መቼ ትመጣለች ታዲያ?» አለችኝ።

«በየካቲት» አልኳት።

እንዴት ከአፌ እንደወጣ እንጃ። የዳኛው ሚስት፣ ቄሱ ቤት ተቀምጣ፣ ገና በመጀመሪያ እንግድነቷ ዋሸች! ወዲያው ላርመው ነበር። እሷ ግን ፊቷ በራ፤ «አንሶላ አለሽ? ከሩቅ አገር ለምትመጣ ልጅ አሮጌ አንሶላ አይሆንም» ብላ ቁም ሳጥኗን ከፈተች። ለልጆቿ ብላ ያስቀመጠችው አዲስ አንሶላ ነበራት፤ ልጅ ግን እግዚአብሔር አልሰጣቸውም፤ እሱንም ያን ዕለት ነው የሰማሁት። አንሶላውን አሸክማኝ እስከ በሬ ሸኘችኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ በመስኮት «የካቲት ስንት ቀን ላይ ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። ቀኑ ገና አልተቆረጠም አልኳት።

ነይ አልልሽም። ሥራሽን አውቃለሁ፤ መንገዱም ቀላል አይደለም። እኔ ደህና ነኝ ብዬሻለሁ። ብቻ ሴትዮዋ እንደገና ስትጠይቀኝ ምን እንደምላት ምከሪኝ።

ከክፉ ዓይንና ከክፉ መንገድ ይሰውርሽ። የሚያንኳኳልሽ ደግ ሰው፣ የሚከፈትልሽም ደጃፍ አያሳጣሽ። እኔንም ፊትሽን ሳላይ አይውሰደኝ።

እናትሽ

አንሶላውን አልጋሽ ላይ አንጥፌዋለሁ። ቁም ሳጥኑ ሞልቶብኝ ነው እንጂ፣ ለሌላ አይደለም።