ጋሼን ይዤ ተራራ ወጣሁ

ሰኞ

ጫማው ጠበበኝ ብዬ ልመልሰው ነበር፤ ለካ ካልሲው ነው የወፈረው። ቤት ውስጥ በተራራ ጫማ ስንጎራደድ ያየኝ ሰው አበደች ይላል። ይበል! ነገ ኦስትሪያ ልሄድ ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ከሆቴል ጽዳቱ ፈቃድ ወስጄ።

ጋሼ እዚሁ ፍራንክፈርት ከሚኖሩበት ሰፈር ከኡንተርሊደርባህ ሻንጣቸውን ይዘው መጥተዋል፤ ጠዋት ከኔ ቤት እንነሳለን። ወንድሜ ናቸው፤ በጣም ስለሚበልጡኝ ግን አንቱ እያልኩ ነው ያደግኩት። ጡረታ ወጥተዋል። መንዝ፣ መሐል ሜዳ፣ ቤት ሠርተው ጨርሰው፣ ጠቅልለው ሊገቡ ነው። የቆርቆሮውን ፎቶ ያላሳዩት ሰው የለም። የሳንባ ሐኪማቸው ግን “እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ አይበቃዎትም” አለቻቸው። ዕድሜውን በፋብሪካ የጨረሰ ሳንባ ነው። ጋሼ ተቆጡ፤ “የተወለድኩበት አየር ነው የሚገድለኝ?” በመጨረሻ፣ እዚህ የሚከራዩትን ቤት ከመልቀቅዎ በፊት ያንን የሚያህል ተራራ ላይ አድረው ይሞክሩት፣ ብቻዎን ግን አይሂዱ አለች። ቤቱን አንዴ ከለቀቁ በዚህ ከተማ ሌላ አያገኙም። ጭንቀቴ እሱ ነው።

ማክሰኞ

ባቡር፣ ሌላ ባቡር፣ አውቶቡስ። ከዚያ ደግሞ በገመድ የምትንጠለጠል ሳጥን። እግዚኦ! ላሞቹ ከሥራችን ጉንዳን አከሉ። እኔ እየሳቅሁ እጮሃለሁ፤ ጋሼ “ብርቄ፣ ሰው ያይሻል” ይላሉ።

ከገመዱ ወርደን እስከ ማደሪያው በእግር ነው። አሮጊቶች ሳይቀሩ “ሀሎ” እያሉ አለፉን። ጉም ወረደ። ጋሼ በየድንጋዩ ይቆማሉ፤ ሲቆሙ አበባ የሚያዩ ይመስላሉ። ፍልሰታን እየጾሙ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀምሱም። እኔ በደም ግፊቴ ምክንያት ጠዋት እንድበላ ቄሱ ፈቅደውልኛል። እርስዎም ይጠይቁ ብላቸው፣

“የሚፈቀደው ለታመመ ነው። እኔን ምን ያዘኝ?”

ረቡዕ

ክፉ ቀን። ዝናብ፣ ከዝናቡ ጋር በረዶ። ከማደሪያው ጀርባ ያለውን ጉብታ እንውጣ አሉ። መሐሉ ላይ ቁጭ አሉ። ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ እጃቸው ቀዝቅዟል። መናገር አቅቷቸው በጣታቸው “ቆይ” ይሉኛል። የኔ ምላስ ደግሞ ሲጨንቀው አያርፍም፤ ስለ ጎረቤቴ ውሻ ሁሉ አወራሁላቸው።

ትንፋሻቸው መለስ ሲል የመጀመሪያ ቃላቸው “ጾሙ ነው” የሚል ሆነ።

የማደሪያው ባለቤት ሾርባ ይዛ መጥታ፣ ሰውየው ለምን አይበላም አለችኝ። የማርያም ጾም ነው ብዬ በየትኛው ጀርመንኛዬ ላስረዳት? ሆዱን አሞታል አልኳት። በጾም ዋሸሁ።

ከዘጠኝ በኋላ በሉ። ከበሉም በኋላ ወደ መኝታው በሚወጣው ደረጃ መሐል አረፉ። አየሁ። ማየቴንም አዩ።

ሐሙስ

ጠዋት አላስችል አለኝ። “ጋሼ፣ ይቆጡኝ። ይሄ ጾም ለማርያም ነው፣ ወይስ ሲደክምዎ የሚያመካኙበት?”

እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም። እኔን!

“አንቺ ልጅ፣ አፍሽ ዳኛ የለውም” አሉ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረው ጸለዩ፣ አማተቡ፣ ዳቦውን ቆርሰው በሻይ በሉ። በደንብ በሉ፣ አርፈውም ተቀመጡ። ፀሐይ ወጥታ ተራራው ሁሉ በረዶ ለብሶ ያበራል። ሌላ ቀን ቢሆን እልል እል ነበር።

ወጣን። ጉብታውን ትተን ለጥ ባለው መንገድ። ብዙም ሳንርቅ ቆሙ። ደረታቸው እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ ይላል። አጠገባቸው ቆምኩ፤ ምንም አላወራሁም።

“ጾሙ አይደለም፣ ብርቄ” አሉ።

ወረድን።

ዓርብ

ፍራንክፈርት። የሰፈሬ የኖርድቬስትሽታት ሙቀት ያፍናል፣ ሊፍታችንም ተበላሽቷል። ጋሼ በደረጃ ወጡ። ቀስ እያሉ፣ ግን ወጡ።

ብቻዬን አልቀርም ብሎ ደስ ያለውን ልቤን የት ልደብቀው? እሳቸው ጃኬታቸውን ሳያወልቁ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ተሳፋሪ ይመስላሉ።

ቅድም የመሐል ሜዳውን ቤት ለሚጠብቅላቸው ለአጎታችን ልጅ ደወሉ።

“ቤት ለሚፈልገው ለዚያ መምህር አከራየው። ሰው ያልገባበት ቤት ይፈርሳል።”

እሱ በዚያ በኩል ይጮሃል፤ ጋሼ “ደኅና ነኝ፣ ደኅና ነኝ” ይላሉ። ሊዘጉ ካሉ በኋላ፦

“ስማ፣ በምሥራቅ በኩል ያለችውን ክፍል ግን አትስጠው። ቆልፈህ ቁልፉን አንተ ያዘው።”

ለምን ልል አፌን ከፈትኩ። ተውኩት። አልጋቸውን ላንጥፍ።