ስለ ሁለቱ ሰርቨሮችና ስለ ታንጉት መምጣት

ለምሳሳልሽ እናቴ፤

ከጥምቀት ወዲህ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ጠዋት ስትነሺ አሁንም ይይዝሻል ወይስ የቀባሽው መድኃኒት ለቀቅ አደረገልሽ? የአባዬስ ሳል እንዴት ሆነ? ማሙሸት ትምህርት ቤቱን ለመደው ወይስ አሁንም ከበር እያለቀሰ ይመለሳል? ላሚቱስ በደህና ወለደች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አልታመምኩም፣ አልከሳሁም። ስለ ጤናዬ አትስጊ።

ባለፈው በስልክ «እትዬ የሻሽወርቅ ታንጉትን ላኪልኝ ብለውኛል፣ ምን ትያለሽ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ «እንዳልሽ» ብዬሽ ነበር። ስልኩ የእሳቸው ነው፤ ሳወራም አጠገቤ ቆመው ነበር። መልሴ ግን እሱ አይደለም። መልሴ ይህ ደብዳቤ ነው። የምታነብልሽ ታንጉት ራሷ እንደሆነች አውቃለሁ፤ በቤቱ ማንበብ የሚችል ሌላ የለም። ታንጉት እህቴ፣ ለእማዬ ቀስ ብለሽ አንብቢላት። ክፉ ነገር ስታገኚ ዘለሽ እንዳታልፊ።

እትዬ የሻሽወርቅ ዱባይ ተራ ባለው ሱቃቸው ያገለገሉ ኮምፒውተሮች እንደሚሸጡ ታውቂያለሽ። ዘንድሮ ሰርቨርም ማስመጣት ጀምረዋል። ሰርቨር ማለት የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ሁሉ የሚቀመጥበት፣ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች እየጠየቁ የሚወስዱበት፣ መቼም የማይጠፋ ኮምፒውተር ነው። የሚያስበው አካሉ ፕሮሰሰር ይባላል። ፕሮሰሰር ደግሞ እንደ ከብት ዘር አለው። አንዱ ዘር ኤክስ ኤይቲ ሲክስ ይባላል፤ በየመሥሪያ ቤቱ የምታገኚው አብዛኛው ሰርቨር የእሱ ነው። ሌላው ዘር አርም ነው፤ በፊት በስልክ ውስጥ ነበር፣ አሁን አድጎ ለሰርቨርም ሆኗል።

የሱቁን ጥገና የሚሠራው ይስሐቅ ልዩነቱን እንዲህ ብሎ ነው ያስረዳን፦ «ኤክስ ኤይቲ ሲክስ የድሮ የመርካቶ ሠራተኛ ነው። 'ጆንያውን ከመጋዘን አውጥተህ፣ መዝነህ፣ መኪና ላይ ጫን' ብትዪው በአንድ ትእዛዝ ይቀበልሻል፤ ውስጥ ገብቶ ራሱ ይቆራርጠዋል። አርምን ግን አጭር አጭር አድርገሽ ነው የምታዢው፤ ሂድ፣ አንሳ፣ መዝን፣ ጫን። ሥራው ስለሚቀለው ብዙ መብራት አይበላም፤ ስለማይበላም ብዙ አድርገሽ ጎን ለጎን ታሰልፊዋለሽ። ግን የአንዱን ቋንቋ ሌላው አይሰማም። ለአንዱ የተሠራ ፕሮግራም ሌላው ላይ ሲሄድ አስተርጓሚ ይፈልጋል፣ አስተርጓሚ ደግሞ ያዘገያል።»

እትዬ አሥር አርም በአንድ ጊዜ አስመጥተው ገዢ አጥተው ነበር። በየካቲት መጀመሪያ ጋሼ ኃይለ ማርያም የሚባሉ የግል ትምህርት ቤት ያላቸው ሰው መጡ። የተማሪዎቻቸውን ውጤት የሚይዝ ሰርቨር ይፈልጋሉ፤ ሌሎች ቅርንጫፎች ስላሏቸው ከወደዱት አሥሩንም ይወስዳሉ። «እኔ የነጋዴ አፍ አላምንም። ሁለቱን ዘር ጎን ለጎን አስነሡልኝ። ሰባት ቀን ይሥሩ፣ የሆነውን ሁሉ ጻፉልኝ። ሰባቱን ቀን ሳይቆም ያልጨረሰውን አልነካውም» አሉ። ጽሑፌ ስለሚነበብ መዝገቡን የመጻፉ ሥራ ለእኔ ተሰጠ።

እዚህ ላይ ስለ ሰሀር ልንገርሽ። ሰሀር ከወራቤ የመጣች ልጅ ናት፤ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። ከእኔ ጋር ሱቅ ትሠራ ነበር፤ የሱቁ ቆጥ ላይም በአንድ ፍራሽ ነበር የምንተኛው። እኔ ደንበኛ ሲያናግረኝ አንገቴን እደፋለሁ፤ እሷ በሦስት ቋንቋ ትከራከራለች። ከገና ወዲህ እትዬ «ለአንዲት ሱቅ ሁለት ሴት ምን ያደርግልኛል? አንዳችሁ ትሄዳላችሁ። የቷ እንደሆነች ራሳችሁ አሳዩኝ» ብለውን ነበር። ሰሀር ሳቀች። እኔ ያን ቀን ሱቁን ሁለት ጊዜ ጠረግኩ።

ሁለቱ ሰርቨሮች ሥራ ሲጀምሩ እትዬ እኛንም በእነሱ ስም መጥራት ጀመሩ። ሰሀርን «አንቺ ኤክስ ኤይቲ ሲክስ! ትጮሂያለሽ፣ ትግያለሽ፣ መሶቡን ትጨርሻለሽ!» ይሏታል። እኔን ደግሞ ለጎረቤት ነጋዴ እያሳዩ «ይቺ አርሜ ናት፤ አትበላ፣ አትናገር» ይላሉ። አንድ ቀን ሰሀር ቀበል አድርጋ «እትዬ፣ የአርምዎን ቋንቋ ደንበኛው መች ሰማው? አስተርጓሚዋ እኔ አይደለሁ!» አለች። በረንዳው ሙሉ ሳቀ። እሷ ሳቋን ጨርሳ ትከሻዬን አቀፈችኝ፤ ለእሷ ጨዋታ ነበር። እኔ ግን ያዝኩባት።

መዝገቡን በደንብ ነው የያዝኩት እማዬ። የትምህርት ቤቱ የድሮ ፕሮግራም የሁሉንም ተማሪ ውጤት ደምሮ ደረጃ ሲያወጣ ኤክስ ኤይቲ ሲክሱ በአራት ደቂቃ ጨረሰ፤ አርሙ በአስተርጓሚ ስለሚሠራ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀበት። ይስሐቅ ለሁለቱም በየቋንቋቸው የተሠራ አዲስ ፕሮግራም ጭኖ ብዙ ወላጆች በአንድ ጊዜ የሚጠይቁ አስመስሎ ጥያቄ ሲያዘንብባቸው ግን አርሙ ቀደመ፤ መብራትም ከግማሽ በታች ነው የበላው። ሰባቱ ቀን መቆጠር ከመጀመሩ በፊት ይስሐቅ መብራት አጥፍቶ በባትሪ ብቻ ሲፈትናቸው ኤክስ ኤይቲ ሲክሱ ሃያ ደቂቃ ቆየ፣ አርሙ ሃምሳ። ሙቀታቸውን በየሰዓቱ ጻፍኩ። ስለ ሰው እንዲህ ተጠንቅቄ አስቤ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን መዝገብ ውስጥ አይገባም። ኤክስ ኤይቲ ሲክሱ እንደ ወፍጮ ይጮሃል። የአርሙ ማራገቢያ ቀስ ብሎ ስለሚዞር በገበያው ጫጫታ ውስጥ ጭራሽ አይሰማም። እዚህ ደግሞ ዕቃ መሥራቱ የሚታወቀው በድምፁ ነው፤ ጄኔሬተሩም፣ ቴፑም፣ ሻጩም። የገባ ደንበኛ ሁሉ ትልቁን እያየ «ይሄ ጉልበት አለው» ይላል፤ ወደ አርሙ ዞሮ «ይሄስ ተበላሽቷል?» ይላል። መሥራቱን የምትናገር አንዲት አረንጓዴ መብራት ብቻ አለችው፤ እሷም ወደ እኔ መቀመጫ የዞረች ነበረች።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የሰሀር ስልክ ባትሪ ጨረሰ። ቻርጀሯን ይዛ መሰኪያ ስትፈልግ ሁሉም ተይዟል። ከዚያ ከባትሪው ላይ የተሰካውን የአርሙን ገመድ ያዘችና «ይሄ ጠፍቷል አይደል?» አለችኝ። አረንጓዴዋን መብራት እያየኋት ነበር። «አይ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሰሀር መልሴን ትንሽ ጠበቀች። እኔ ዝም ስል «ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ» ብላ ነቀለችው።

ልጄ ዓይን አፋር ናት ብለሽ እንዳታመካኚልኝ። ዓይን አፋርነት ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ጉሮሮ ያንቃል፣ ፊት ያግላል። ያን ሰዓት ጉሮሮዬ ክፍት ነበር። ዝም ያልኩት ፈልጌ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም እያልሽ አሳድገሽኛል፤ አንቺ ለጨዋነት ያስተማርሽኝን እኔ ለዚህ አዋልኩት። ብዕሬን አነሳሁና «ስድስተኛ ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፣ አርም ቆመ። ሰሀር ነቀለችው» ብዬ ጻፍኩ። አንድም ፊደል አልተዛነፈብኝም።

ጋሼ ኃይለ ማርያም በማግሥቱ መጥተው መዝገቡን አነበቡ። እትዬ ቢለምኗቸው፣ ይስሐቅ የማሽኑ ጥፋት እንዳልሆነ ቢያስረዳቸው «ስድስት ሰባት አይሆንም። ውሉ ውል ነው» ብለው ሄዱ። አሥሩም አርም ተመልሶ መደርደሪያ ላይ ወጣ። እትዬ ሰሀርን በጥፊ መቷት። ልብሷን በፌስታል አድርገው ከቆጡ ወደ መንገዱ ወረወሩት። ከፊት ለፊት ያለው ነጋዴ «ኤክሷ ተቃጠለች!» ብሎ ጮኸ፤ እንደገና በረንዳው ሁሉ ሳቀ። ሰሀር ልብሷን ከአቧራው እየለቀመች «እስከዳር፣ አንቺ አጠገቡ ተቀምጠሽ አልነበር?» አለችኝ። እትዬም ዘወር ብለው አዩኝ፤ ነገሩ የገባቸው ይመስለኛል። አልተቆጡኝም። ፈገግ ብለው «ፍራሹ ሙሉ የአንቺ ሆነ» አሉኝ።

በዚያው ሳምንት ነው ለአንቺ ደውለው የእኔን ጨዋነት ያወሩልሽ፤ ታንጉትንም የጠየቁሽ። እኔን «እንደ አንቺ ዝም የምትል እህት የለሽም?» ብለውኝ ነበር። ታንጉት ዝም እንደማትል አልነገርኳቸውም። ትስቃለች፣ ትዘፍናለች፣ ጠግባ ትበላለች፣ ነገር ከመንካቷ በፊት ትጠይቃለች። ከመጣች ሁለት ወር ሳይሞላ እትዬ ለአንዲት ሱቅ ሁለት ሴት ምን ያደርግልኛል ይላሉ፤ ጎን ለጎን ያቆሙናል። እኔም እንደማሸንፋት አውቃለሁ።

እህቷ ናት፣ አትጨክንባትም እንዳትዪ። ሰሀር ብርድ ልብሷን ለእኔ እየደረበች ነበር የምትተኛው። ባለፈው ቅዳሜ ሶማሌ ተራ ጆንያ ተሸክማ አየኋት፤ በስሜ ጠራችኝ፣ እኔ እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ። አንድ አፍ ይቀንስልኛል ብለሽ ከሆነ የምትልኪያት፣ ያንን አፍ እዚያው መግቢው፤ እኔ እዚህ የማደርጋትን ነግሬሻለሁ። ሳትሰሚኝ ብታሳፍሪያት አውቶቡስ ተራ ወርጄ እጠብቃታለሁ፤ ከአውቶቡሱ ሳትወርድ በዚያው እመልሳታለሁ። ከእጄ ካመለጠችና ሱቁ ከገባች ግን እህቴ አይደለችም።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ በብርድ አይውጣ፣ ሳሉንም ቸል አይበል። ማሙሸትን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝና ካላለቀሰ እርሳስ እልክለታለሁ በይው። አያ ይመርን በሬ ላዋሰን ውለታው እግዜር ይስጥልን በይልኝ። አንቺን ዓይንሽን፣ ግንባርሽን፣ ያንን የሚያምሽን ጉልበትሽን ስሜያለሁ። ለታንጉት ሰላምታ አልጻፍኩም። ከጻፍኩላት እንደናፈቀችኝ ታውቅና ትመጣለች።

ልጅሽ እስከዳር

አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ዱባይ ተራ
የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.