ከነወንበሩ የወደቀው ልጅ

ሰኞ፣ ማርች 5፣ 2012፣ ጠዋት
በረንዳው ታጥቧል። የካሪም ጡጦ ተቀቅሏል። አሠሪዬ ማዳም ተኝታለች። ደብተሬ፣ ለአንቺ የምትተርፈኝ ይህቺ ሰዓት ብቻ ናት።
የካሪም ግንባር እብጠቱ ጎድሏል፤ ስፌቱ ግን ገና ቀይ ነው። ሲያየኝ እጁን ይዘረጋል፣ እናቱ ማዳም ትነጥቀዋለች። ከወደቀ ወዲህ እንዳልመግበው ተከልክያለሁ። ለጎረቤቱም ለዶክተሩም፣ «ሃና የወንበሩን ቀበቶ ሳታስርለት ስልኳን ትጎረጉር ነበር» ብላለች። ስልኬንም ወስዳዋለች።
ውሸት። ልጁ የወደቀው ከነመመገቢያ ወንበሩ ነው። ወለሉ ላይ ቀበቶውን የፈታሁት በእነዚህ እጆቼ ነው። ያልታሰረ እንዴት ይፈታል?

ረቡዕ፣ ማርች 7
የማዳም እህት ሪታ ከፓሪስ መጣች። ወጥ ቤት ገብታ ወንበሩን ስታይ ደነገጠች። እሷም ለልጇ ይህንኑ ገዝታ ነበር። የኋላ እግሩ ከመጋጠሚያው እየወለቀ ልጆች ስለጣለ፣ እዚያ ሱቁ ከገዛው ሰው ሁሉ መልሶ ሰብስቦታል። መከሰሴን አታውቅም፤ ካሪምን እዚህ ላይ እንዳታስቀምጪው ብላ አስጠነቀቀችኝ። ሳቄ መጣ። ቀጥሎ እንባዬ። ሽንኩርቱ ነው አልኳት።
ማታ ለማዳም ነገርኳት። ከእህቷ ሰምታለች። ፊቷ እንኳ አልቀላም።
«ኸላስ፣ በቃ ሃና፣ ያለፈ አለፈ። ያኒ፣ ታዲያ እናቱ ናት የገዛችው እንዲሉኝ ነው?»
ሊፍት ውስጥ ትከሻዋ ለነካው ሁሉ ፓርዶን የምትል ሴት፣ ለእኔ አንዲት ይቅርታ አልወጣትም።

ዓርብ፣ ማርች 9
ወንበሩ ከወጥ ቤት የለም። ተጣለ ብዬ ደስ አለኝ። ቆሻሻ ይዤ ስወርድ ምድር ቤት አየሁት፤ የሕንፃው ዘበኛ ሚስት፣ ኡም ሐሰን፣ እያጠበችው። ማዳም ሰጥታታለች! እዚህ ዐረብ አገር እመቤቶች ዕቃ አይጥሉም፤ ለድሃ ሰጥተው ምርቃት ይቀበሉበታል። ልጇ ትንሹ ሐሰን ገና መቀመጥ መጀመሩ ነው።
ጣዪው አልኳት። ቀናሽ እንዴ አለችኝ። ለቤተ ክርስቲያንሽ ልጆች ፈለግሽው?
«ደግሞ ልጁን የጣልሽው አንቺ ነሽ። ሕንፃው ሁሉ ያውቃል።»
የማዳም ውሸት ከእኔ ቀድሞ ደረጃውን ወርዷል።

ቅዳሜ፣ ማርች 10
ማዳምን ለመንኳት። ለራሴ አይደለም፤ ለኡም ሐሰን አንዴ ብቻ እውነቱን እንድትነግራት። እምቢ። ብትናገሪ ወደ መክተብ ትመለሻለሽ አለች፤ ወዳስመጣኝ ቢሮ። መክተብ ውስጥ ዱላ እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን። ፈራሁ። ቀኑን ሙሉ ልብስ ስተኩስ ጆሮዬ ምድር ቤት ነበር።

እሑድ፣ ማርች 11
እነማዳም ለምሳ ሲወጡ ወደ ኡም ሐሰን ወረድኩ። የሩዝ ከረጢት ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩ፣ ቀበቶውን አሰርኩ፣ ልጅ ሲንጠራራ እንደሚያደርገው ወደ ኋላ ገፋሁት። ምንም። ኡም ሐሰን ሳቀች። ደግሜ ገፋሁ። እግሩ ወለቀ፣ ከረጢቱ ከነወንበሩ ተከሰከሰ። ሐሰንን ከምንጣፉ ላይ አፈፍ አድርጋ አቀፈችው። ማዳምን ረገመቻት። እኔን ሳመችኝ።

ከሰዓት
ማዳም ሰምታለች። ለመክተብ ደውላለች፤ ነገ ጠዋት ይመጣሉ። ኡም ሐሰን «የበሩ ቁልፍ ባሌ ዘንድ ነው፣ ዛሬውኑ ወደ ናባዓ ሰፈር ሽሺ፣ የአገርሽ ሴቶች እዚያ ክፍል አላቸው» አለችኝ። አሰብኩበት። ከሸሸሁ ግን ልጁን የጣለችው ሸሸች ይባላል። አልሸሽም። ነገ ስባሪውን ወንበር ተሸክሜ በዋናው በር እወጣለሁ፤ ካሪምን ማን እንደጣለው በዐረብኛ፣ ጎረቤት እየሰማ እናገራለሁ። ኡም ሐሰን አብሬሽ እቆማለሁ ብላለች። ባትቆምም እናገራለሁ።
ማዳም እየጠራችኝ ነው። ትጥራ።