ያቮር የሚገባበት በር

ልጄ ቪዮሌታ፣ ባለሽበት ቅዱስ ኒኮላ ይጠብቅሽ። ዓይኔ ስለደከመ የሚጽፍልኝ ወንድምሽ ሞምቺል ነው።

ጎረቤቶቻችን ቤታቸውን ለበጋ እንግዶች እየሸጡ ሄደዋል። የእኛንም አንድ የሶፊያ ከተማ ሰው ሊገዛው ነው። በሩ ላይ የለጠፍነውን የያቮርን የሞት ማስታወቂያ አይቶ፣ "እማማ፣ ይሄ ይነሳልኝ፤ ሚስቴ ትፈራለች" አለኝ።

"ልጄን ባሕሩ ገና አልመለሰውም። ሲመጣ በየት ይግባ?" አልኩት።

"ከእኔ ጋር ሊያኖሩት ነው እንዴ?"

"አንተ እንደሆነ በብርዱ ወራት አትኖርበት፤ ምን ቸገረህ?"

እስከ ሙት ዓመቱ እንዲቆይ ተስማማ። ያቮር የሚስቅበትን ፎቶ ላኪልኝ፤ ማስታወቂያውን እናድሰዋለን። ወደ ውሃ አትጠጊ። ደግ ደጉን ያሰማኝ።

ቪዮሌታ፣ ይሄ ደግሞ ከእኔ ነው። እማዬ ከፎቶው ሥር የምንገባበትን አዲሱን ቤት አድራሻ እንድጽፍ አዛኛለች። ያቮር ደቃቅ ጽሑፍ ይሰለቸው የለ፤ የበር ቁጥሩን ሳይቀር አጉልቼ እጽፈዋለሁ።