የራሱን ተዝካር የበላ ባል

ጥቅምት 8 ቀን 1965
ገባ! አርባ አምስት ቁጥር ገባ! ሙሐመድጣሂር ጫማውን ከሞጣ ድረስ ለብቸና ገበያ ይዞለት መጣ። አምና አርባ ሦስት፣ ካቻምና አርባ አንድ… «እትዬ ስሜነሽ፣ በሃምሳ ዓመቱ የሚያድግ ደንበኛ አላህ የሰጠው ለኔ ብቻ ነው» አለኝ። በሳቅ ሞትኩ። ባሌ ይርሳው ግን አልሳቀም፤ ራሱን ያመዋል። ቀለበቱም ከጣቱ አልወጣ ብሏል። እኔ ደስ ብሎኛል! ሳገባው ቀጭን መምህር ነበር። አሁን አገጩ፣ መዳፉ፣ ድምፁ… ደጃዝማች! ለሙግቱም ግርማ ይሆነዋል። ከአጎቱ ልጅ ከአምባቸው ጋር በአባቱ ርስት ተካሰናል፤ ቀጠሮው ሞጣ ነው።

ጥቅምት 24
ግርማው ጉድ ሠራን። አምባቸው ሆዬ ተነሥቶ «ጌታዬ፣ ይህ ሰው ይርሳው አይደለም» አይል! ሞጣን ከረገጥን ብዙ ዘመን ሆኖናል፤ ዘመዱ ሁሉ አፍጥጦ አየው። መታወቂያውን ሰጠን። ዳኛው ፎቶውን አዩ፣ ባሌን አዩ፣ ፎቶውን አዩ… «ይህን ከየት አገኘኸው?»
ያሳደጉት አክስቱ፣ እታታ ፋንታነሽ ተጠሩ። ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ድምፅ ግን አይስቱም።
«እታታ፣ እኔ ነኝ።»
«የኔ ይርሳው ድምፁ ዋሽንት ነበር። ይሄ በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ማነው?»
እስከ መጋቢት ማንነቱን ካላስረዳ ርስቱ ለአምባቸው ይጸናል ተባለ። የብቸና ጎረቤት ምስክር እንዳንቆጥር… «እነሱ የሚያውቁት የብቸናውን ይርሳው ነው» ይላል አምባቸው።

ኅዳር 11
አምባቸው ሞጣ ላይ የይርሳውን ተዝካር አወጣ! ሞቷል ለማሰኘት በሬ ጣለ። እኛም ሄድን። «የራሴን እኔ ካልበላሁ ማን ይበላልኛል?» አለኝ ይርሳው። ካህናቱ «ነፍሱን ይማር» ሲሉ በዚያ በበርሜል ድምፁ «አሜን» አለ። አጠገቡ ያሉ ሽማግሌ «ሟቹን ያውቁት ነበር?» ቢሉት፣ «በመጠኑ።» ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት።
ስንመለስ ግን ድንገት ፈራሁ። እውነት ይህን ፊት አውቀዋለሁ?

ኅዳር 22
ብቸና ክሊኒክ። ለራስ ምታቱ ነበር የሄድነው። ጤና መኮንኑ አካለ ወልድ እጁን ጨብጦ አልለቅም አለ።
«ባርኔጣዎ ጠቦዎታል?»
«አዎ።»
«ጥርስዎ ተራርቋል? ያልብዎታል?»
«አዎ…»
«አንተ ልጅ፣ ጠንቋይ ነህ እንዴ?» አልኩት እኔ።
«በጎን በኩልስ ይታይዎታል?»
ይርሳው ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ለካ ግራና ቀኙ መጨለም ጀምሯል! ደብቆኝ… እኔ ደግሞ አገጩን ሳደንቅ።

ጥር 3
አዲስ አበባ። ካንሰር አይደለም! ኮሪደሩ ላይ እልል ብል ነርሷ ተቆጣችኝ።
ዶክተሩ በራጅ አሳየን። ከአፍንጫ ኋላ፣ ከአንጎል ሥር፣ አተር የምታህል ዕጢ አለች፤ ሁላችንም አለችን። የይርሳው ላይ እባጭ በቅሎባታል። እባጩ ወደ ሌላ አካል አይዛመትም፤ ግን የዕድገት ሆርሞን ያለ ልክ ያፈሳል። ሆርሞን በደም የሚላክ ትእዛዝ ነው አለኝ። ገባኝ! የሰከረ አዋጅ ነጋሪ ማለት ነው። በየመንደሩ እየዞረ «እደጉ!» ይላል፤ እጅ ይሰማል፣ እግር ይሰማል፣ ምላስ ሳይቀር ይሰማል። ቁመት ብቻ አይሰማም፤ የሱ በር በጉርምስና ተዘግቷል።
ካልወጣ የዓይኑን ነርቭ ተጭኖ ያሳውረዋል። «በየት በኩል ታወጡታላችሁ?» «በአፍንጫው።» በአፍንጫው!

ጥር 19
ወጣ! አፍንጫው ጥጥ ተጠቅጥቆበት «አለሁ እንዴ?» አለኝ። እጄን በግራ አወዛወዝኩ፣ አየ። በቀኝም… አየ! አለቀስኩ። አገጩ አይመለስም፣ አጥንት ነው አሉ። እብጠቱ ግን ቀስ በቀስ ይቀንሳል።

የካቲት 26
ብቸና። ቀለበቱ በራሱ ወለቀ። ማንኮራፋቱም የለ። ዛሬ ጓዳ ሆኜ «ስሜ!» ሲለኝ ደነገጥኩ። ማነው? የሙሽርነቱ ድምፅ…

መጋቢት 20
ሞጣ። ዳኛው የዶክተሩን ቃል አነበቡ። አምባቸው «እንግዲያው እባጩ ራሱ ቀርቦ ይመስክር!» አለ። ችሎቱ በሳቅ ፈነዳ። ይርሳው ወደ አክስቱ ዞረ።
«እታታ… ደኅና ነዎት?»
ምርኩዛቸው ከእጃቸው ወደቀ።
«ይርሳዬ! ከበርሜሉ ማን አወጣህ?»
ፊቱን ዳሰሱት፣ አገጩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ይሄ የሌላ ሰው ነው… ግድ የለም። ልጁ የኔው ነው።»
ተፈረደልን! አምባቸው በሩ ላይ ጠብቆ «የተዝካሩ በሬስ?» አይል መሰላችሁ። ይርሳው ሳመው። «ጣፍጦኝ ነበር፣ እግዜር ይስጥህ።»

ሚያዝያ 4
አርባ አምስት ቁጥሩ ትንሽ ሰፋው። ሙሐመድጣሂር «ደንበኛዬ ማደጉን ተወ፣ ከሰርኩ!» እያለ ያስቀኛል። ለደስታ ድግሳችን የሙስሊሞቹን በግ ራሳቸው እንዲያርዱ ለይተናል።
ለሞጣም ለብቸናም ነግሬያለሁ፤ ለአምባቸውም። ይርሳውን ሞተ ብሎ ተዝካሩን የበላ ሁሉ መቅረት የለበትም፤ «አሜን» ያለውን ሰውዬ በደንብ ይየው። ያው ድንኳን፣ ያው ሜዳ። ለዳግም ትንሣኤ፣ እሑድ!